የአባዬ ሸክላ፣ የእማዬ ካሴት፣ የኔ ስልክ፦ በአንድ ስፒከር እንዴት?

ሰሚት_72 | ቅዳሜ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

እኛ ቤት ሙዚቃ በሦስት ቦታ ነው ያለው። አባዬ 40 የሚሆኑ ሸክላዎች አሉት። አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ባለ 45 ናቸው፤ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ትልልቆችም አሉ። እማዬ ሁለት ካርቶን ሙሉ ካሴት አላት። የኔ ደግሞ ስልኬ ውስጥ ነው። ሸክላዎቹን ቡፌ ሥር ተኝተው ነው የማውቃቸው። ማጫወቻው ገና ልጅ ሳለሁ ተበላሽቶ ቆራሌው ወስዶታል።

ባለፈው ፋሲካ ወንድሜ ከሜሪላንድ ሲመጣ አንድ ያገለገለ ሸክላ ማጫወቻ በሻንጣ ይዞ መጣ። ባለ ቺንጊያ ነው፣ ንጹሕ ዕቃ። የአሜሪካ መብራት ስለሚፈልግ ትራንስፎርመር ገዛሁለት። ከድሮው አምፕሊፋየራችን ጋርም አገናኘሁት፣ ስልኬን በምሰካበት ኦክስ በሚለው ቀዳዳ። አባዬን ጠርቼ ሶፋ ላይ አስቀመጥኩት። መርፌዋን አወረድኩ።

ሦስት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ብጨምረውም ቀጭን ነው፤ ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ከሥር "እምምም" የሚል ድምፅ አለ፣ እንደ አሮጌ ፍሪጅ። ሦስተኛ፣ አባዬ ትንሽ አዳመጠና "ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጎትተው? አሞት ነበር እንዴ?" አለኝ። ሦስተኛውን በጆሮው አሳብቤ አልፌዋለሁ፤ 76 ዓመቱ ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። ሸክላውም፣ ካሴቱም፣ ስልኩም በዚሁ አምፕሊፋየርና በነዚሁ ሁለት ስፒከሮች እንዲጫወቱ ምን ላድርግ? ወይስ ሁሉንም ወደ ፋይል ቀይሬ ልገላገል? እስካሁን 11 ሸክላ ወደ ላፕቶፕ ቀድቼ፣ ድምፁን በኮምፒውተር ጨምሬ፣ የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለቅቄያለሁ።

ብየዳ | ቅዳሜ ማታ 4:02

ሁለቱ ቀላል ናቸው። በሦስተኛው ግን አባትህ ላይ ቶሎ አትፍረድ፤ እመለስበታለሁ።

የሸክላ መርፌ የምታመነጨው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። መርፌዋን የሚይዘው የተለመደው ካርትሪጅ 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው የሚሰጠው። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ይሰጣል። 400 እጥፍ ማለት ነው። ኦክስ የሚጠብቀው የሲዲውን ዓይነት ጉልበት ስለሆነ ሸክላው ሹክሹክታ ይሆንበታል።

ቤዙ የጠፋው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል። እንዳለ ቢቀረጽ መስመሩ እየሰፋ ቦታ ይጨርሳል፤ መርፌዋም ትዘላለች። ቀጫጭኑ ድምፅ ደግሞ ከልኩ በላይ ከፍ ይደረጋል፤ በኋላ ወደ ልኩ ሲመለስ የሸክላው ፍሽሽታ አብሮት ይቀንሳል። ስለዚህ በምታጫውትበት ጊዜ ይህንን ገልብጦ የሚመልስ ዕቃ ያስፈልጋል። ፎኖ ፕሪአምፕ የሚሉት እሱን ነው። ያጎላዋልም፣ ቤዙንም ይመልስለታል።

አሁን አምፕሊፋየርህን አዙረህ ጀርባውን እይ። የድሮ ከሆነ "ፎኖ" የሚል የቀይና ነጭ ገመድ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። አጠገቡ በእጅ የምትዞር ትንሽ ብሎን ካለች ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን ብቸኛ ሽቦ እሷ ላይ እሰራት። "እምምም" የሚለው ያን ጊዜ ይተውሃል። ቀዳዳው ከሌለ ፎኖ ፕሪአምፕ ለብቻው ይሸጣል፤ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሳጥን ናት።

ስልኩን ግን በስህተት ፎኖ ላይ እንዳትሰካው። ድምፁ ይቀደዳል።

አንድ ሥራ ልስጥህ። የማጫወቻው ሞተር ላይ ወይም ከሥሩ የተጻፈውን አንብበህ ንገረኝ።

ዲጂታል_ብቻ | ቅዳሜ ማታ 4:20

እንደምሰደብ አውቃለሁ። ግን ይሄ ሁሉ ለምን? ዘፈኖቹ እኮ ዩቲዩብ ላይ አሉ። ብሉቱዝ ስፒከር ገዝቶ መገላገል ነው። እኔ ሙዚቃዬን በሙሉ በአንዲት ፍላሽ ይዤ መኪና ውስጥም ቤትም እሰማለሁ። ሸክላ ማለት በየሦስት ደቂቃው ብድግ ማለት ነው። ስፖርት ካማረኝ ጂም አለ።

ፈረንሳይ_ለጋሲዮን | እሑድ ጠዋት 1:45

ልጄ፣ ብድግ ማለቱ እውነት ነው። 45ቱ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ ነው የሚይዘው። በኛ ጊዜ ግን መነሳት ችግር ሆኖ አያውቅም። ጠቡ ማን ይነሳ በሚለው ላይ ነበር። ከታላቅ ወንድሜ በቀር ቤታችን ውስጥ መርፌዋን የሚነካ አልነበረም። እሱ ፈተና ሲወድቅ አባታችን ማጫወቻውን ቆለፈበት። የተቀጣነው እኛ ሁላችን ነን።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። ወጣቱ ደፍሮ ገባበት። እዚህ ፋብሪካ ስላልነበረ ሸክላው ውጭ ታትሞ ነበር የሚመጣልን። ከአሳታሚዎቹ ካይፋም ነበረ፣ ፊሊፕስም ነበረ። ደርግ ከመጣ በኋላ ግን ሁሉም እየተወ ወደ ካሴት ሄደ። የሸክላው ዘመን ሲጠቃለል አሥር ዓመት ቢሆን ነው። ስለዚህ በአባትህ ቡፌ ሥር ያሉትን እንደ ቀላል አትያቸው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። መርፌዋ ስትዘል ክንዱ ላይ ስሙኒ እናስቀምጥ ነበር። ክብደት ይጨምርላታል ብለን። ሸክላውን እንደ ማሳ ነው ያረስነው። አሁን የኔዎቹን ሳጫውት ከዘፋኙ ይልቅ ስሙኒው ነው የሚሰማኝ።

ሸክላዋ | እሑድ ከሰዓት 9:30

ጋሼ፣ በሳቅ ገደሉኝ። እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቁጭ ብዬ ሻዬን ደፋሁ።

ዲጂታል ብቻ፣ ወንድሜ፣ "ዩቲዩብ ላይ አለ" የምትለው የቱ ነው ያለው? አንዱ ካሴት ከካሴት ይገለብጣል። ሌላው ያንን ወደ ኤም ፒ 3 ይቀይራል። ሦስተኛው ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል፤ ዩቲዩብም በተራው ይጨምቀዋል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቆንጥሮ ያስቀራል። ፍጥነቱም እንደየሰዉ ቴፕ ነው። አንድ የማውቀውን ዘፈን በሦስት የተለያየ ኪ (የድምፅ ከፍታ) አግኝቼዋለሁ። የገባኝ ክራሬን ይዤ አብሬ ልጫወት ስል ነው። ሦስቴ ቃኘሁ፣ ሦስቴም ተናደድኩ።

ስለ ፈረንጅ ሙዚቃ ብትከራከረኝ እሸነፍልህ ነበር። ዋናው ቴፕ ኩባንያው ጋ በክብር ተቀምጧል፤ ከሱ የተሠራው ፋይል ደግሞ እንከን አይወጣለትም። የኛ ግን እንደዚያ አይደለም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፓሪስ ላይ ኢትዮፒክስ እያለ ብዙውን በሲዲ አወጣልን፣ ዕድሜ ይስጠው። ግን ሁሉም አልወጣም። ላልወጣው፣ ከሁሉ የተሻለው ቅጂ የአንድ ሰው ቡፌ ሥር ያለው ሸክላ ሊሆን ይችላል።

የኔን ላውራ። ሸክላ ሳገኝ መጀመሪያ አጥበዋለሁ። ከዚያ አንድ ጊዜ በጥሩ መርፌ አጫውቼ እቀዳዋለሁ፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ። ፍላክ አድርጌ፣ ማለትም ጥራቱ ሳይቀንስ በሚጨመቅ ፋይል፣ አስቀምጠዋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባቡር ውስጥ የምሰማው ያንን ፋይል ነው። እሑድ ቡና ሲፈላ ሸክላው ራሱ ይወጣል። ቤት ውስጥ ያለኝ አንድ አምፕሊፋየር ነው፤ ከፊቱ አንድ የምትዞር ቁልፍ አለች። ወደ ፎኖ ካዞርኳት ሸክላ ነው፣ ወደ ኦክስ ካዞርኳት ስልክ። ሁለቱን የማስታረቁ ጉዳይ ለኔ እዚያች ቁልፍ ላይ አልቋል።

ስለ ማጠብ፦ የተጣራ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ አንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ወረቀቱ ላይ ውሃ እንዳይደርስ። ከባዶቹ ባለ 78 የጥንት ሸክላዎች ካሏችሁ አልኮል አታስጠጓቸው፤ የተሠሩበት ነገር በአልኮል ይሟሟል። ሁሉንም ሸክላ እንላቸዋለን እንጂ ሲወድቅ እንደ ሸክላ የሚሰበረው እውነተኛው እሱ ነው።

ሰሚት_72 | እሑድ ማታ 2:15

ብየዳ፣ እጅህ ይባረክ! ጀርባው ላይ አቧራ ስጠርግ "ፎኖ" የሚል ብቅ አለ። ለስንት ዓመት ቤታችን ውስጥ ኖሮ የማያውቀው ሰው እኔ ነኝ። ሽቦዋንም አሰርኳት። "እምምም" ጠፋ፣ ቤዙ መጣ። የቤዝ ጊታሩን ከኮንጋ ከበሮው ለይቼ ሰማሁት። እማዬ ከጓዳ ወጥታ "ማን መጣ?" አለች።

አባዬ ግን አሁንም "ይጎትታል" ይላል። እንዲያውም "ድምፁ ወፍሯል፣ ይሄ ሰው እንዲህ ወፍራም ድምፅ የለውም" ብሎ ጨመረበት።

ሞተሩ ላይ የተጻፈው "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" ነው። ግን ትራንስፎርመር አለኝ፤ 220ውን ዝቅ ያደርገዋል።

ብየዳ | እሑድ ማታ 2:40

እንዳልኩህ ነው። የአባትህ ጆሮ ሙሉ ጤነኛ ነው።

ትራንስፎርመር ቮልቱን ነው የሚቀንሰው። ኸርዙን አይነካውም። የኢትዮጵያ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ የአሜሪካው 60። እንዳንተ ባሉ የድሮ ባለ ቺንጊያ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ ምልልስ ነው። 60 ሲጠብቅ 50 ስትሰጠው ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይዞራል። በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ 27.8 ገደማ ይዞራል። 45ቱ ደግሞ 37.5። ድምፁ ሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ገደማ ይወርዳል። ዘፋኙ ይወፍራል፣ ይጎትታል፣ ያመዋል። አባትህ ያለው በሙሉ ልክ ነው።

አታምነኝም ይሆናል። ትልቁን ሸክላ አስቀምጥና ጠርዙ ላይ ቁራጭ ወረቀት አድርግ። ስልክህ ላይ ሦስት ደቂቃ ሙላ። ቁጠር። ልኩ 100 ዙር ነው።

ሰሚት_72 | እሑድ ማታ 3:05

ከልጄ ጋር ቆጠርን። እኔ 83 አልኩ። እሷ 84 አለች። አንድ ጊዜ ደገምነው፣ 83።

አባዬን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። "እኔ እኮ ይህን ዘፈን ጨፍሬበት አገባሁ፤ እግሬ ነው የሚያውቀው" አለኝ።

ዲጂታል_ብቻ | እሑድ ማታ 3:12

ወይኔ! እና ቴሌግራም ላይ የለቀቅካቸው 11ዱ?

ሰሚት_72 | እሑድ ማታ 3:15

ዱባይ ያለችው አክስቴ "እንዴት ያለ ትዝታ ነው፣ አንጀቴን በላው" ብላ አልቅሳ ቮይስ ልካለች። አሁን ማሽኑ ነው ያስለቀሰሽ ልበላት?

ዲጂታል_ብቻ | እሑድ ማታ 3:18

ተዋት፣ ይለፍላት። ግን ይሄኛው የኔ ክፍል ነው። ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም አውርድ፣ ነፃ ነው። ፋይሉን ክፈትና ፍጥነቱን 20 በመቶ ጨምር። ቴምፖ የሚለውን ሳይሆን ስፒድ የሚለውን። ቴምፖ ዘፈኑን ብቻ ያፈጥነዋል፣ ድምፁ እንደወፈረ ይቀራል። ስፒድ ሁለቱንም ይመልሳል።

ሸክላዋ | እሑድ ማታ 6:50

ሒሳቡ ልክ ነው። እነዚህን ግን አታድክምባቸው። 11ዱ የተቀዱት ያለ ፎኖ ነው፤ ቤዛቸው አልተመለሰም። ፍጥነቱን ብታስተካክልም ቀጭን ሆነው ይቀራሉ። ማጫወቻው ሲስተካከል እንደገና ቅዳቸው። እስከዚያ ሸክላዎቹን በከንቱ አታዙራቸው። መርፌዋስ አዲስ ናት? ከወንድምህ ጋር የመጣችው ስንት ሰዓት እንደሠራች የሚያውቅ የለም። አምራቾች በአብዛኛው ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ነው ዕድሜዋን የሚሰጧት። ያለቀች መርፌ ከጋሼ ስሙኒ አትሻልም።

ፈረንሳይ_ለጋሲዮን | ሰኞ ጠዋት 1:20

ስሙኒዋ እንግዲህ ስም ወጣላት።

ሰሚት_72 | ማክሰኞ ማታ 2:30

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የእማዬን ካሴቶች ከየት ልጀምር? ዴክ አለ፣ ግን ለብዙ ዓመት አልተከፈተም። ሁለተኛ፣ ሱቅ ውስጥ ብሉቱዝ ያለው ሸክላ ማጫወቻ አየሁ፣ አዲስ፣ ለ220 የተሠራ። የወንድሜን ትቼ እሱን ብገዛስ?

ሳይድ_ቢ | ማክሰኞ ማታ 3:40

ስለ ካሴት ለመጻፍ አራት ቀን ስጠብቅ ነበር።

ዴኩን ሳትከፍት የእናትህን ካሴት እንዳታስገባ። በሙከራ ላይ የሚበላ ክር የእናት ክር መሆን የለበትም። ለዓመታት የቆመ ዴክ ውስጥ ያለችው ቺንጊያ ብዙ ጊዜ ቀልጣ ሬንጅ ሆና ነው የምትጠብቅህ። ያንን በአልኮልና በጥጥ ጥረግ፣ እጅህን ያጠቁራል፣ ቻለው። አዲስ ቺንጊያ አስገባ። ምን አለሽ ተራ ገብተህ ከፈለግክ የማይገኝ የለም፤ የድሮዋን ለናሙና ይዘህ ሂድ። ከዚያ ክሩን የሚያነበውን ሄድና ክሩን የሚጎትተውን ጎማ አጽዳ። ጥጡ ቡናማ መውጣቱን እስኪያቆም።

ካሴቱ ራሱስ? አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ አጠንጥነህ መልሰው፤ ክሩ ከተጣበቀበት ይላቀቃል። በእስክሪብቶ ማጠንጠን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ከክሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይደበዝዛል፤ ከማትፈልገው ካሴት ፈትተህ ቀይርላት። ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ደግሞ ስበር፣ በስህተት እንዳይቀዳበት። እኛ ቤት ጥርሱ የተሰበረውን ፕላስተር ለጥፈን ስንቀዳበት ኖረናል። እናቴ የምትወደው ካሴት መሃል ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ የገባው እንደዚያ ነው።

አሁን ዋናው ሚስጥር። ሄዱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። የሄዱን አቀማመጥ በፀጉር ስንጥቅ ታዘነብለዋለች። ካሴቱ የተቀዳበት ማሽንና ያንተ ዴክ አንድ ዓይነት ካላነበቡ ድምፁ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይሆናል። ሰዉ "ካሴት ድሮም ድምፁ ደብዛዛ ነው" የሚለው በዚህ ነው። ብሎኗ የነበረችበትን ምልክት አድርግ። አምፕሊፋየርህን ሞኖ ላይ አድርግና ቀስ ብለህ አዙራት። ሲምባሉ ድንገት ጥርት የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ተዋት። የኛ ካሴቶች በየሙዚቃ ቤቱ በተለያየ ማሽን የተባዙ ስለሆኑ ለያንዳንዱ ካሴት ልታስተካክል ትችላለህ። አሰልቺ ነው። ግን አንዴ ከሰማኸው በኋላ ጆሮህ ሰምቶ አያልፈውም።

ዶልቢ የሚለውን፣ የፍሽሽታ መቀነሻውን፣ አጥፋው፣ ካሴቱ ላይ ካልተጻፈ በቀር። ያለ ዶልቢ የተቀዳን ያፍነዋል።

ሰዓቱን አስብበት። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ አቋራጭ የለውም። ሁለት ካርቶን 70 ካሴት ከሆነ 70 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከታወቁት አልበሞች አትጀምር። ሌላ ማንም ቤት የማይገኘውን አስቀድም፦ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ከውጭ በካሴት የተላከ ድምፅ። የቀዳኸው አንድ ሰዓት ሳይጨመቅ 1 ጊጋ ገደማ ይወስዳል፤ ፍላክ ስታደርገው በግምት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስትቀዳ ድምፁ ጣራ እንዳይነካ፣ ከላይ 6 ዲሲቤል ክፍት ተውለት። ፍሽሽታውን በሶፍትዌር ለማጥፋትም አትቸኩል። ፍሽሽታው ሲሄድ የዘፋኙን ትንፋሽ ይዞት ይሄዳል። ያልተነካውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጥ። አንዱን ቤት፣ አንዱን ሌላ ሰው ቤት።

አንድ ጥሩ ዜና አለህ። የካሴት ዴክ ሞተር ብዙውን ጊዜ የ50 እና የ60 ጣጣ ውስጥ የለበትም።

ብየዳ | ማክሰኞ ማታ 4:10

ስለ ብሉቱዙ። አይሠራም አልልም። ግን ምን እንደምትገዛ እወቅ። መርፌዋ ያነበበችው እዚያው ማጫወቻው ውስጥ ወደ ዲጂታል ይቀየራል፣ ይጨመቃል፣ በአየር ይሄዳል፣ ስፒከሩ ጋ ተመልሶ ይፈታል። ከመርፌ በኋላ ያለው መንገድ የስልክህ መንገድ ነው።

ፈረንሳይ_ለጋሲዮን | ማክሰኞ ማታ 4:25

እና ሸክላው ለምን ይዞራል? ለዓይን?

ዲጂታል_ብቻ | ማክሰኞ ማታ 4:27

ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬ ለኔ ወገን ነው የተናገሩት!

ሸክላዋ | ማክሰኞ ማታ 7:55

አትጨክኑበት። እኔ ከአምፕሊፋየሬ ወደ ኪችን በብሉቱዝ ነው የምልከው። ሽንኩርት ስከትፍ ልዩነቱን የሚሰማ ጆሮ የለኝም። ሳሎን ቁጭ ብዬ ስሰማ ግን ገመድ ነው። የቤት ሲኒማ ሪሲቨር ያላችሁም ብዙ አትኩሩ፤ ብዙዎቹ በቀይና ነጭ ገመድ የገባውንም ውስጥ ውስጡን ወደ ዲጂታል ነው የሚቀይሩት።

ሰሚት፣ ስልክህ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው በቻርጀሩ ቀዳዳ የምትገባ አነስተኛ ማስተላለፊያ ገዝተህ በገመድ ኦክስ ላይ ስካው። ለሙዚቃ ብቻ የሚሆን አሮጌ ስልክ እዚያው ተሰክቶ ቢቀር ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ዘፈን መሃል "ሄሎ፣ የት ነህ?" አይመጣም። ዘፈኖቹን አውርደህ አስቀምጥበት፣ ፓኬጅ ሲያልቅ ሙዚቃው አብሮ እንዳይቆም።

ማጫወቻውንም ስፒከር ላይ እንዳታስቀምጠው። የቤዙ ንዝረት ወደ መርፌዋ ይመለስና እየጮኸ ይሄዳል።

ብየዳ | ረቡዕ ጠዋት 2:00

መብራት ሲሄድም መጀመሪያ መርፌዋን አንሳ። ድንገት ሲመለስ ከቆመበት እየጎተተ ይነሳል።

ለፍጥነቱ ሦስት መንገድ አለህ። አንደኛው 60 ኸርዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ነው፤ ንጹሕ ሞገድ የሚሰጠው ውድ ነው፣ ርካሹ ደግሞ ያንጫጫል። ሁለተኛው በዲሲ ሞተር፣ ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ በማይወስድ፣ የሚሠራ ሌላ ማጫወቻ መግዛት። ሦስተኛው የሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን ፑሊ፣ ቺንጊያዋ የምትጠመጠምባትን፣ ማወፈር። ሞተሩ ቀስ ካለ ፑሊዋ ትሰፋና ያካክሰዋል። ለአውሮፓ የሠሩት አምራቾችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ያንተ ምን ያህል ናት?

ሰሚት_72 | ረቡዕ ማታ 2:45

በካሊፐር ለካኋት፤ የ33ቷ 10 ሚሊሜትር ልክ ናት። ቶርኖ ቤት የሚሠራ የሰፈር ልጅ አለ። 10 በ1.2 ሲባዛ 12። በነሐስ እንዲሠራልኝ ነገርኩት፤ የ45ቷንም በዚያው ልክ። "ለምን መኪና ነው?" አለኝ።

ሰሚት_72 | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 1:30

ሪፖርት።

ፑሊዋ ገብታለች። አዲስ መርፌ ከወንድሜ ደርሶኛል። አምፕሊፋየሩ ላይ ፎኖ ሸክላ ነው፣ ቴፕ የእማዬ ዴክ ነው፣ ኦክስ አሮጌው ስልኬ ነው። ካሴት እስካሁን 6 ቀድቻለሁ፤ የመጀመሪያው የወንድሜ ክርስትና ነው፣ ግማሹ የሕፃን ለቅሶ። ብሎኗን አዙሬያለሁ። ሳይድ ቢ፣ ጥርት የሚልበትን ቦታ አግኝቼዋለሁ፣ እውነትህን ነው።

ትናንት አባዬን እንደገና ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት። ያንኑ 45 አደረግኩ። ምንም አላለም። ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ትከሻው ተንቀሳቀሰ። እማዬ በር ላይ ቆማ "ጉልበትህን!" አለችው።

አክስቴ ጋ አዲሱን ቅጂ ላክኩላት። "ይሄ ይፈጥናል፣ የበፊቱ ይሻለኛል" ብላለች።

አንድ ነገር ብቻ። ሦስት ደቂቃ ስቆጥር 99 ነው የሚመጣው። ልጄም 99 አለች። አንዷ ዙር የት ገባች?

ብየዳ | እሑድ ማታ 1:50

ቺንጊያዋ ውስጥ። ውፍረቷን ረሳናት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ፍጥነቱ የሚወሰነው በቺንጊያዋ መሃል በኩል ነው እንጂ በፑሊዋ ገጽ አይደለም። ስንት ናት ውፍረቷ?

ሰሚት_72 | እሑድ ማታ 2:05

0.6 ሚሊሜትር።

ብየዳ | እሑድ ማታ 2:11

10.6 በ1.2 ስታባዛው 12.72። ከዚያ 0.6ን ቀንስ። 12.12 ነው መሆን የነበረባት። ቶርኖ ቤቱ ሌላ ይሥራልህ፣ ሒሳቡን እኔ እችላለሁ።

ሰሚት_72 | እሑድ ማታ 2:20

ለአባዬ ነገርኩት። "አሁን ደህና እየዘፈነ ነው፣ እንዳትነኩት" ብሏል።